የፈረንሳይ ሄቪ ሜታል ለመጀመር፦ ከአምስት የበኩር አልበሞች የቱ ይሻላችኋል?

የ2024ቱን የፓሪስ ኦሊምፒክ መክፈቻ በቴሌቪዥን ያየ ሰው ያቺን ትዕይንት አይረሳትም። ሴን ወንዝ ዳር ያለው የድሮው ኮንሲየርዥሪ ሕንፃ፣ የተቆረጠ ጭንቅላቷን ይዛ መስኮት ላይ የቆመች ንግሥት ማሪ አንቷኔት፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ጊታሪስቶች፣ እሳት፣ ጭስ። ባንዱ ጎጂራ ይባላል። አብራቸው የዘፈነችው የኦፔራ ድምጻዊቷ ማሪና ቪዮቲ ናት። ዘፈኑ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ሕዝቡ ሲዘፍነው ከነበረው "ሳ ኢራ" የተወሰደ ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ላይም በሜታል ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ወስዷል።

ከዚያ ወዲህ "የፈረንሳይ ሜታል ልሞክር ነበር፣ ከየት ልጀምር?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ብዙው ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። የባንዱን ገጽ ይከፍታል፣ እስከ ታች ይወርዳል፣ የመጀመሪያውን አልበም ይጫናል። ነገርን ከሥሩ መጀመር ጥሩ ይመስላል። ችግሩ የበኩር አልበም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዳንድ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል፣ ከዚያ በኋላ ያንን አይደግመውም። ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው ላይ ገና መንገዱን እየፈለገ ነው፤ እሱን ሰምታችሁ ባንዱን ብትፈርዱበት ግፍ ነው።

ስለዚህ አምስት የበኩር አልበሞችን ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ፦ ትረስት (1979)፣ ሶርቲሌዥ (1984)፣ ማሳክራ (1990)፣ ጎጂራ (2001) እና አልሴስት (2007)። ቩልካን፣ አዴኢክስና ሳታን ጆከርስ የሚባሉትን ባንዶች ትቻቸዋለሁ። መጥፎ ሆነው አይደለም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ተወካይ ለጀማሪ ይበቃል ብዬ ነው፤ ሶርቲሌዥን የወደደ ሰው እነሱን ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል።

መጀመሪያ መለኪያው

"የቱ ይበልጣል?" ብላችሁ አትጠይቁ። የሚጠቅመው የሚከተሉትን መጠየቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ድምጹ። ሜታል ላይ ሰው የሚጣላው ከጊታሩ ጋር አይደለም፣ ከድምጻዊው ጋር ነው። የጊታር ጩኸትን ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። የሚያጓራ ሰው ግን ወይ ትወዱታላችሁ ወይ በ2 ደቂቃ ውስጥ ታጠፉታላችሁ። አምስቱ አልበሞች ላይ አራት ዓይነት ድምጽ አለ፦ እየተናገረ የሚጮህ፣ ከፍ አድርጎ የሚያዜም፣ የሚያጓራ፣ እና ለስልሶ ከጊታሩ ጀርባ የሚደበቅ። የትኛውን እንደምትችሉ ካወቃችሁ ግማሹን ምርጫ ጨረሳችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቋንቋው፣ በተለይ ደግሞ ግጥሙ ምን ያህል ሸክም እንደተሸከመ። እኛ ግጥም የምንሰማ ሰዎች ነን። ዘፈን ሲወጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ምን አለ?" ብለን ነው። ፈረንሳይኛ የማይችል ሰው አንዳንዱ አልበም ላይ ምንም አይቀርበትም፤ አንዳንዱ ላይ ግን ግማሹ ይቀርበታል።

ሦስተኛው የቀረጻው ጥራት ነው። በስልክ ስፒከር የምትሰሙ ከሆነ ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። የ1980ዎቹ ቀረጻ ቤዙ ሳስቶ፣ ድምጹ ሁሉ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያለ ይመስላል። የ2000ዎቹ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ርካሽ ማዳመጫ ላይ ይጨማለቃል።

አራተኛው ከላይ ያነሳሁት ነው፦ ይህ አልበም የባንዱ ምርጥ ሥራ ነው ወይስ ሙከራ? የመጨረሻው የግዢ ጉዳይ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው አልበሞች፣ የእንግሊዝኛ ቅጂዎች፣ እንደገና የተቀረጹ ዘፈኖች አሉ። ገንዘብ ከፍሎ የተሳሳተውን ይዞ መመለስ ቀላል ነው።

ትረስት፣ "ትረስት" (1979)

ከፓሪስ በስተምዕራብ ካለችው ናንቴር ከምትባል ሠራተኛ የሚበዛባት ከተማ የወጣ ባንድ ነው። የተመሠረተው በ1977 ነው። ድምጻዊው ቤርኒ ቦንቯዜን፣ ጊታሪስቱ ኖርቤር ክሪፍ፣ ሁሉም ኖኖ የሚሉት። አልበሙ የተቀረጸው ለንደን ነው፤ ያሳተመው ሲቢኤስ የሚባለው ትልቁ ኩባንያ። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። የታዋቂው የእንግሊዝ ሜታል ባንድ የአይረን ሜይደን የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1980 ነው፣ ይሄ ከዚያ ቀድሞ።

"ይሄ ሄቪ ሜታል ነው ወይስ ሃርድ ሮክ?" የሚል ክርክር አለ። እውነቱን ለመናገር ጊታሩ ወደ አውስትራሊያው ሃርድ ሮክ ባንድ ወደ ኤሲ/ዲሲ ያደላል። የነሱን "ራይድ ኦን" የተባለ ዘፈንም አልበሙ ላይ ተጫውተውታል። ከኤሲ/ዲሲው ድምጻዊ ከቦን ስኮት ጋርም እሱ በየካቲት 1980 እስኪሞት ድረስ ወዳጆች ነበሩ። ስለዚህ ፈጣን ከበሮና ስለ ድራጎን የሚያወራ ግጥም የምትጠብቁ ከሆነ እዚህ የለም።

ያለው ንዴት ነው። ቤርኒ አያዜምም ማለት ይቻላል፤ ይናገራል፣ ይጮሃል፣ ይሳደባል። አንዱ ዘፈን ስለ ቀን 8 ሰዓት መልፋት ነው። ሌላው ፖሊስ ላይ ነው። "ሌሊት" የሚባለው ደግሞ ከላይ ስለተቀመጡት ስለ ልሂቃን (አማርኛው ሌሊት አይደለም፣ ፈረንሳይኛው ሲነበብ እንዲያ ነው)። ሰምና ወርቅ የለውም። ሰሙን ጥሎ ወርቁን ፊታችሁ ላይ ነው የሚወረውረው። ፈረንሳይኛ ለሚችል ሰው ከአምስቱ ይሄን የሚያህል የለም። ለማይችል ሰው ግን ጥሩ የጊታር አልበም ብቻ ይሆናል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ቤርኒ ለምን እንዲያ እንደተናደደ ሳታውቁ 40 ደቂቃ የተናደደ ሰው መስማት ይደክማል። ግጥሙን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ አሉ፣ አጠገባችሁ ክፍት አድርጋችሁ ስሙት።

ቀረጻው ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ብዙ ማስጌጫ ስለሌለው በስልክም ቢሆን አይበላሽም። ከአሮጌዎቹ ሁሉ በዕድሜው ያልተጎዳው ይሄኛው ይመስለኛል።

የባንዱ ምርጥ ነው? አይደለም። ያ ሁለተኛው ነው፣ በ1980 የወጣው "ሬፕሬሲዮን"። "አንቲሶሲያል" የሚባለው ዘፈናቸው እዚያ ላይ ነው፤ አሜሪካኖቹ አንትራክስ በ1988 ደግመው ተጫውተውት ከፈረንሳይ ውጪም ያወቀው በዛ። እንደውም ለትረስት ከበሮ ሲመታ የነበረው ኒኮ ማክብሬን ነው በ1982 አይረን ሜይደንን የተቀላቀለው። የመጀመሪያው አልበም ግን ብዙም አያንስም፤ ያልተገራ ስለሆነ እንዲያውም ይሄን የሚመርጡ አሉ።

የግዢ ወጥመድ አለው። የ1979ኙ አልበም የራሱ ስም የለውም፣ ሽፋኑ ላይ የባንዱ ስም ነው ያለው። በ1983 ያወጡት አራተኛ አልበምም እንዲሁ "ትረስት" ነው! ሻጩ "ትረስት፣ ትረስት" ብሎ ከጻፈ ዓመቱን ጠይቁ።

ሶርቲሌዥ፣ "ሜታሞርፎዝ" (1984)

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው እሱን ስለሆነ።

የፓሪስ ልጆች ናቸው። ድምጻዊው ክርስቲያን ኦጉስተን ነው፣ በቅጽል ስሙ ዙይ። ያ ድምጽ ሲወጣ ጣሪያ ይነካል፤ ግን አይጮህም፣ ያዜማል። እያንዳንዱ ቃል ዜማ አለው። አዝማቹን ፈረንሳይኛ ባትችሉም በሁለተኛው ዙር ታንጎራጉሩታላችሁ፣ ቃሉን እያበላሻችሁ። ሁለት ጊታሮች አሉ፤ እየተከታተሉ፣ አንዳንዴ አንድ ዜማ በሁለት ከፍታ እየተጫወቱ ይሄዳሉ። አይረን ሜይደንን ወይም ጁዳስ ፕሪስትን የሰማ ሰው ቤቱ እንደገባ ነው የሚሰማው።

ግጥሙ ተረት ነው። ኩሬ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ዓይን ጭራቅ፣ የጠፋ ሥልጣኔ፣ ለሞት የተዘመረ መዝሙር፣ የአንድ እብድ ቅዠት። እንደ ትረስት ዜና አይደለም። ስለዚህ ቃሉ ባይገባችሁ የሚቀርባችሁ ትንሽ ነው፤ የፈረንሳይኛው አፍንጫማ ድምጽ ራሱ ሙዚቃው ውስጥ ገብቶ መሣሪያ ይሆናል። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአውሮፓ ባንድ "እንግሊዝኛ ካልዘፈንን ማን ይሰማናል" ይል ነበር። እነዚህም ፈተናው ደርሶባቸዋል። ያው አልበም በእንግሊዝኛ ተቀርጾ "ሜታሞርፎሲስ" ተብሎ ወጥቷል። ሁለቱንም ሰምቼ የምላችሁ ይሄን ነው፦ የፈረንሳይኛውን ያዙ። እንግሊዝኛው ላይ ዙይ ቃሉን ሲያሳድድ ዜማው ይሸሸዋል።

ፈረንሳይኛ መዝፈናቸው አድማጭ አላሳጣቸውም ለማለት አልችልም፤ በ1986 ተበትነዋል። ግን ዲስኩ የሚደርስበት ደርሷል። የዴዝ ባንድ መሪ የነበረው ፍሎሪዳዊው ቸክ ሹልዲነር፣ የዴዝ ሜታል አባት የሚባለው ሰው፣ ሶርቲሌዥን ከሚወዳቸው ባንዶች መካከል ይጠራቸው ነበር። የሚያጓራ ሙዚቃ የፈጠረ ሰው ልቡ የነበረው እንዲህ ያለ ዜማ ላይ ነው፤ ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ድክመቱ ቀረጻው ነው። የ1984 ነገር ነው፣ ይታወቃል። ቤዙ ቀጭን ነው፣ ከበሮው ከሩቅ ይመጣል፣ ማስተጋቢያው በዝቷል። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ጊታሩ ንብ ይሆንባችኋል። ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፣ ትንሽ ቤዝ ጨምሩ፣ ይስተካከላል።

ከምርጥነት አንጻር ግን ጥርጣሬ የለኝም። የባንዱ ጫፍ ይሄ ነው። ከዚህ በፊት በ1983 ያወጡት አጭር ዲስክ አለ፣ ብዙ ሰው እሱን "የመጀመሪያ አልበም" ይለዋል፤ አጭር ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ አልበም አይደለም። በ1986 የወጣው "ላርም ደ ኤሮ"ም አይናቅም። ሁለቱም ከ"ሜታሞርፎዝ" ቀጥለው የሚሰሙ ናቸው።

ወጥመዱ ሁለት ነው። አንዱን ነገርኳችሁ፣ የእንግሊዝኛው ቅጂ። ሁለተኛው፣ ባንዱ በኋላ ተመልሶ በ2021 "ፊኒክስ" የሚል አልበም አውጥቷል፣ በአብዛኛው የድሮ ዘፈኖቹን በአዲስ ቀረጻ። ድምጹ ወፍራምና ዘመናዊ ነው። የድሮ ቀረጻ አልችልም የሚል ሰው በእሱ ቢጀምር አልቃወምም፤ ግን ያ የ1984ቱ ልጅ አይደለም የሚዘፍነው፣ አዋቂ ሰውዬ ነው።

ሁለት ዘፈን ብቻ ልሞክር ካላችሁ "ኢምን አ ላ ሞር"ን እና የአልበሙን ስም የያዘውን "ሜታሞርፎዝ"ን ስሙ።

ማሳክራ፣ "ፋይናል ሆሎኮስት" (1990)

አጭር ልሁን። ይሄ ለጀማሪ አይደለም። ስሙን አይታችሁ እንደምትገምቱት ነው፦ ዴዝ ሜታልና ትራሽ (ፈጣኑና ቁጡው የሜታል ዓይነት) የተቀላቀለበት፣ በጣም ፈጣን፣ እንግሊዝኛ፣ የሚያጓራ ድምጽ። ዘፈኖቹ መካከል መተንፈሻ የለም። ቀረጻው ጥሬ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥሬነቱ ይጠቅመዋል።

ስሌየርን ወይም የድሮ ሴፑልቱራን የምታውቁና የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና ይሄን ያዙ። የጊታር ሪፉ (ተደጋግሞ የሚመጣው አጭር የጊታር ሐረግ) ብዛት ብቻ ለሦስት አልበም ይበቃል። ባንዱ ከፈረንሳይ ውጪ ከዘውጉ አፍቃሪ በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ፍሬድ ዱቫል በ1997 በወጣትነቱ አርፏል። ከምርጥነት አንጻር ይሄና ቀጥሎ የወጣው "ኤንጆይ ዘ ቫዮለንስ" እኩል ይፎካከራሉ። የእኔ ድምጽ ለመጀመሪያው ነው።

ጎጂራ፣ "ቴራ ኢንኮግኒታ" (2001)

ኦሊምፒኩን አይቶ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ይሄን ነው። ብትችሉ አትንኩት። ቢያንስ ገና አትንኩት።

ባንዱ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ነው፣ ባዮን አካባቢ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር። ወንድማማቾቹ ጆ ዱፕላንቲዬ (ድምጽና ጊታር) እና ማሪዮ ዱፕላንቲዬ (ከበሮ)፣ ከነሱ ጋር ክርስቲያን አንድሩ በጊታር፣ ዣን ሚሼል ላባዲ በቤዝ። በ1996 ሲጀምሩ ስማቸው ጎድዚላ ነበር። ያ የፊልም ስም ስለሆነ በሕግ ሰበብ መቀየር ነበረባቸው፤ የጭራቁን የጃፓንኛ መጠሪያ ወስደው ጎጂራ ሆኑ። አልበሙን ያወጡት በራሳቸው ነው፣ ትልቅ ኩባንያ ከጀርባቸው ሳይኖር።

14 ትራክ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ድምጹ ያጓራል፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ ሙዚቃው ከባድና የተሰባበረ ነው። ማሪዮ ከበሮ ላይ የሚያደርገውን ነገር ስትሰሙ ከዚህ ልጅ ትልቅ ነገር እንደሚመጣ ይገባችኋል። ቀልደኛ ሐሳብም አለ። ሁለት ትራኮች ስማቸው ክብደት ነው፦ አንዱ "5988 ትሪሊዮን ቶን"፣ ሌላው "1990 ኳትሪሊዮን ቶን"። በፈረንሳዮች አቆጣጠር ትሪሊዮን ማለት 1 ቁጥርና 18 ዜሮ ነው። በዚያ ሂሳብ ብታሰሉት የመጀመሪያው የመሬት ክብደት ነው፣ ሁለተኛው የፀሐይ። ሜታል ባንዶች ስለ ሰይጣን በሚያወሩበት ጊዜ እነዚህ ፕላኔት ሲመዝኑ ነበር።

ታዲያ ለምን አትጀምሩበት እላለሁ? ስለሚረዝም፤ ሐሳቡ ብዙ ሆኖ መቁረጫው ስለሌለ። አንድ ጥሩ ሪፍ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ይዘላል፣ የመጀመሪያውን ሳታጣጥሙት። ኮንሲየርዥሪ ላይ ያያችሁት ባንድ ጥቂት ነገር ይዞ እሱኑ ደጋግሞ የሚያከብድ ባንድ ነው፤ ያንን የተማሩት በኋላ ነው። በ2005 በወጣው "ፍሮም ማርስ ቱ ሲሪየስ" ነው ዓለም ያወቃቸው። በ2016 የወጣው "ማግማ" ደግሞ ከማጓራት ወደ ማዜም ያዘነበለ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል።

የበኩር አልበሙን መስማት ያለበት ባንዱን አስቀድሞ የወደደ ሰው ነው። ለሱ ውድ ሰነድ ነው። ለሌላው የቤት ሥራ።

ሲዲ ለመግዛት ካሰባችሁ የ2001 ዋናው እትም ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ነው። በኋላ በድጋሚ የታተመውን ያዙ፣ ሙዚቃው ያው ነው።

አልሴስት፣ "ሱቬኒር ደን ኦትር ሞንድ" (2007)

ርዕሱ "የሌላ ዓለም ትዝታዎች" ማለት ነው። ባንድ ይባል እንጂ አልበሙን የሠራው አንድ ሰው ነው፣ ኔዥ በሚል ስም የሚታወቀው፤ ጊታሩም ከበሮውም የሱ ነው። አንዱ ዘፈን ላይ ብቻ የሴት ድምጽ ይገባል። ልጅ እያለ ያያቸው የነበሩ የብርሃን ራዕዮች አሉ ይላል፣ ከዚህ ዓለም ያልሆነ ቦታ። ሙዚቃው ያንን ቦታ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው።

6 ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ገደማ። ማንም አያጓራም። ድምጹ ለስላሳ ነው፣ ጊታሩ ውስጥ ተሸፍኖ ከሩቅ ይሰማል። ጊታሩ ብላክ ሜታል ከሚባለው ጨለምተኛ የሜታል ዓይነት የመጣ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለና የማያቋርጥ፤ ዜማው ግን ብሩህ ነው፣ የሚያሳዝን ግን የማያስፈራ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ዝናብ መስማት የሚወድ ሰው ይገባዋል።

ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው፣ ግን ፈረንሳዮቹም ቃሉን ሁሉ አይለዩትም፣ ስለዚህ እኩል ናችሁ።

ሲወጣ የሜታል ሰዎች "ይሄ ሜታል አይደለም" ብለው ተቆጥተው ነበር። ከፊል እውነት አላቸው። ግን ዛሬ ብላክጌዝ የሚባለው፣ ብላክ ሜታልን ከእንዲህ ያለ ለስላሳ ድምጽ ጋር የሚቀላቅለው ዘውግ በብዛት ከዚህ አልበም ነው የሚቆጠረው። በ2013 "ሰንባዘር" ብሎ ብዙ ያነጋገረው የካሊፎርኒያው ባንድ ዴፍሄቨን እንኳ ኔዥን አልበሙ ላይ በድምጽ ጋብዞታል።

ከምርጥነት አንጻር ያከራክራል። በ2010 የመጣውን "ኤካይ ደ ሉን" የሚያስበልጡ ብዙ ናቸው፤ እሱ ላይ ግን ጩኸት ይመለሳል። ጩኸት የሚፈራ ሰው የበኩሩን ይምረጥ። ቀረጻው ጭጋጋማ ነው፣ በደህና ማዳመጫ ይስፋፋል፣ በስልክ ስፒከር ግን ሹሹታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ማዳመጫ ግዴታ ነው።

በአንድ እይታ

| አልበም | ድምጹ | ቋንቋ | ግጥሙ ካልገባኝስ? | ቀረጻ | ከባንዱ ሥራዎች | ለጀማሪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ትረስት (1979) | እየተናገረ የሚጮህ | ፈረንሳይኛ | ግማሹ ይቀራል | ደረቅ፣ ጥርት ያለ | ሁለተኛው ይበልጣል | ፈረንሳይኛ ለሚችል አዎ |
| ሶርቲሌዥ (1984) | ከፍ ያለ ዜማ | ፈረንሳይኛ (የእንግሊዝኛ ቅጂም አለ) | ብዙ አይጎዳም | ሳሳ ያለ፣ የዘመኑ | ምርጡ | አዎ |
| ማሳክራ (1990) | የሚያጓራ | እንግሊዝኛ | ምንም አይጎዳም | ጥሬ | ከምርጦቹ አንዱ | አይደለም |
| ጎጂራ (2001) | የሚያጓራ | እንግሊዝኛ | ብዙ አይጎዳም | ወፍራም | ሙከራ | በኋላ ይሰማ |
| አልሴስት (2007) | ለስላሳ፣ የተሸፈነ | ፈረንሳይኛ | ምንም አይጎዳም | ጭጋጋማ | ያከራክራል | ጩኸት ለሚፈራ አዎ |

እንግዲህ እናንተ የትኛው ናችሁ?

ሜታል ሰምታችሁ የማታውቁ፣ ግን ዜማ የምትወዱ ከሆናችሁ ሶርቲሌዥ። ሌላ ነገር አላስብም።

"ጩኸት አልወድም፣ ግን ሁሉም የሚያወራው ምንድን ነው?" ለምትሉ አልሴስት። ማታ ስሙት፣ ብቻችሁን። ከሰው ጋር እያወሩ የሚሰማ አይደለም፤ ከበስተጀርባ ከሆነ ምንም አይሰጣችሁም።

አሊያንስ ፍራንሴዝ ወይም ሊሴ ገብረ ማርያም የተማራችሁ፣ ወይም ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ጄኔቭ የምትኖሩና ፈረንሳይኛው የገባችሁ ከሆነ ትረስትን አትለፉት። ትምህርት ቤት ያላስተማሯችሁን ቃል ሁሉ ታገኛላችሁ። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ግን ማዳመጫ።

ጂም የሚሠራ ሰው ጠይቆኝ ነበር፤ ማሳክራ አልኩት። ፍጥነቱ ለዚያ የተሠራ ነው።

ጎጂራን ብቻ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ ደግሞ መንገዱን ገልብጡት፦ መጀመሪያ "ማግማ"፣ ከዚያ "ፍሮም ማርስ ቱ ሲሪየስ"፣ ሁለቱ ከተመቿችሁ ነው "ቴራ ኢንኮግኒታ"።

ኪስን በተመለከተ

ምንም ላለመክፈል ዩቲዩብ ይበቃል፤ ማስታወቂያ ዘፈኑን መሃል ላይ እንዳይቆርጥባችሁ ግን አልበሙ በነጠላ በነጠላ የተጫነበትን ዝርዝር ፈልጉ። ሙሉው አልበም በአንድ ረጅም ቪዲዮ ሲሆን ነው መሃሉ ላይ የሚያበሳጨው፣ አልሴስት ላይ ደግሞ ወንጀል ነው። ዳታ የሚቆጥር ሰው የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ ያድርግ፤ ምስሉ ያው የቆመ ሽፋን ስለሆነ አይናፍቃችሁም። ወርሃዊ የሚከፈልበት መተግበሪያ ካላችሁ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙት።

ለሲዲና ለሸክላ ነገሩ ይለያል። ትረስት በትልቅ ኩባንያ ታትሞ ፈረንሳይ ውስጥ በደንብ የተሸጠ ባንድ ስለሆነ አሮጌ ሸክላው የሰፈር ገበያ ላይ ይገኛል፤ መጀመሪያ ሸክላ ለሚገዛ ሰው ኪስ የማይጎዳው እሱ ነው። ሶርቲሌዥ በትንሽ አሳታሚ የወጣ ስለሆነ የ1984 ዋናው እትም የሰብሳቢ ዋጋ ነው የሚጠየቅበት። በድጋሚ የታተመውን ያዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የዘፈኖቹ ስም በፈረንሳይኛ መጻፉን ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። አልሴስትን ያሳተመው ፕሮፌሲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፤ ደጋግሞ ስለሚያትመው መቸኮል አያስፈልግም፣ ውድ ዋጋ የጠራ ሻጭ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ። ማሳክራን በሲዲ ያዙት። ያን ያህል ፈጣን ሙዚቃ ላይ ሸክላውን ለመገልበጥ መነሳት ስሜቱን ይሰብረዋል።

ከውጪ ሰው ልታስመጡ ከሆነ ሲዲ ይሻላል። ሸክላ ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል፣ የሚያመጣላችሁንም ሰው ሙሉ መንገድ ያስጨንቀዋል።